ባንድሶው ከመገዛቱ በፊት ምላጩ ይታሰብ

የእጅ ሙያ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከዚሁ ከጅማ የደረሱን ደብዳቤዎች፣ ተመካክረው የተጻፉ ይመስል፣ ሁሉም የሚያወሱት ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ እሱም በቤቱ የሙዚቃ መሣሪያ ለሚሠራ ሰው የሚሆን ትንሽ ባንድሶ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእንጨት መጋዝ ማሽን ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅም ነዋሪነቱ በጅማ፣ ውሎውም ከእንጨት ጋር በመሆኑ፣ ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው እትም አሳድረን በዚህኛው ለእነዚህ ብቻ መልስ እንሰጣለን።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ በግቢዬ ባለችው የሰርቪስ ክፍል ውስጥ ክራርና ማሲንቆ እሠራለሁ። እስከ ዛሬ ስገለገልበት የቆየሁት የእጅ መጋዝና ጂግሶ (በእጅ የሚያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ነው። ይሁን እንጂ የክራር ቋሚ በጂግሶ ስቆርጥ ከላይ ያሰመርኩትና ከታች የሚወጣው አልገናኝ እያለ ብዙ እንጨት አባክኛለሁ። አሁን ሁለት ባንድሶዎች አግኝቻለሁ። አንደኛው አዲስ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ መዘውሩ 25 ሳንቲ ሜትር፣ የሚያስገባውም የእንጨት ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለተኛው ሥራውን ካቆመ የቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት የሚሸጥ አሮጌ ሲሆን፣ መዘውሩ 35፣ የሚያስገባው ከፍታ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ወደፊት ጊታር ለመሥራትም ሐሳብ አለኝ። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከማሽኑ በፊት ስለ ምላጩ እንድንነጋገር ይፍቀዱልኝ። ባንድሶ ማለት ሁለት መዘውሮች፣ በእነሱ ላይ እንደ ቺንጋ የሚዞር ጥርሳም ምላጭ፣ ምላጩን ከጎንና ከኋላ የሚደግፉ መምሪያዎችና አንድ ጠረጴዛ ነው። እንጨቱን የሚቆርጠው ምላጩ ነው፤ የቀረው ሁሉ ምላጩን ለመሸከም የተሠራ ነው። የጂግሶዎ ችግር የመጣውም ከዚሁ ነው፤ የጂግሶ ምላጭ የተያዘው በላይኛው ጫፉ ብቻ ስለሆነ ወፍራም እንጨት ሲገጥመው የታችኛው ጫፍ ወደቀለለው አቅጣጫ ይሸሻል። የባንድሶ ምላጭ ግን ከላይም ከታችም ተወጥሮ ስለሚያዝ፣ በትክክል ከተስተካከለ፣ ከላይ የተሰመረውን ከታችም ይደግመዋል። ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው ምን ያህል ስፋት ያለውን ምላጭ፣ በምን ያህል ከፍታ እንጨት ላይ እንደሚያሠራ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጥምዝ ቆረጣ። ምላጩ በሰፋ ቁጥር ጠባብ ኩርባ መዞር ይሳነዋል። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ምላጭ ራዲየሱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ኩርባ ይዞራል፤ የ6 ሚሊ ሜትሩ ወደ 16፣ የ10 ሚሊ ሜትሩ ወደ 37፣ የ13 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ከ60 ሚሊ ሜትር በላይ ራዲየስ ይፈልጋል። የክራር ቀንበርና ቋሚ፣ የማሲንቆ አንገት፣ የደጋኑ ጉብጠት፣ እነዚህ ሁሉ በ6 ሚሊ ሜትር ምላጭ ያለ ችግር ይወጣሉ። የ3 ሚሊ ሜትሩ የሚያስፈልገው የመቃኛ ጆሮ ወይም የጊታር ራስ ላይ ያለ ትንሽ ጌጥ ለማውጣት ሲሆን፣ እሱም ቶሎ ስለሚበጠስ ሁልጊዜ ማሽኑ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው አይደለም። የክራርን ገበቴ መፈልፈል ግን ከናካቴው የባንድሶ ሥራ አይደለም። የጅማ በርጩማ ጠራቢዎች ባለ ሦስት እግሩን መቀመጫ ከአንድ ግንድ የሚያወጡት በመጥረቢያና በመሮ ነው፤ ገበቴም ቢሆን ባንድሶው ዙሪያውን ካከበበልዎ በኋላ ውስጡ የሚወጣው በመሮ ነው።

ከጥምዝ ቆረጣ ይልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪን ከሌላው አናጢ የሚለየው ጣውላን በውፍረቱ መሰንጠቅ ነው፤ በእኔ እምነት ባንድሶ ገንዘቡን የሚመልሰው በዚህ ሥራ ነው። ማሲንቆን እንውሰድ። ገላው የሚገጣጠመው ከአራት ቀጫጭን ጣውላዎች ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ የዋንዛ ጣውላ ቢኖርዎትና እያንዳንዱን ቅጠል (ስስ ጣውላ) በ7 ሚሊ ሜትር ሰንጥቀው በኋላ በመላጊያ ወደ 5 ማውረድ ቢፈልጉ፣ የባንድሶ ምላጭ በእያንዳንዱ ቅደት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚበላ አምስት ቅጠል ያገኛሉ። ያንኑ በሰርኩላር መጋዝ ቢሠሩት፣ ምላጩ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ሰጋቱራነት ስለሚለውጥ ከዚያው ጣውላ አራት ብቻ ይወጣል። በአንድ ጣውላ ላይ ትንሽ ይመስላል። ጥሩ የደረቀ ዋንዛ ፈልጎ ያጣ ሰው ግን አምስተኛዋ ቅጠል ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ከፍታው እንምጣ። የማሲንቆ ጎን ስፋቱ 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በ10 ሳንቲ ሜትሩ ማሽን ያልፋል፤ ግን ለማስጠጊያው (ጣውላው ተደግፎ ለሚገፋበት ቀጥ ያለ ደጋፊ) እና ለእጅዎ እንቅስቃሴ የሚተርፍ ቦታ እምብዛም አይኖርም። ጊታር ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። የጊታር ጎን እንደ ዓይነቱ ከ9 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን በ15 ሳንቲ ሜትሩ ማሽን በምቾት ይሰነጠቃል። ደረቱና ጀርባው ግን ከመሐል በሚገጥሙ ሁለት ቅጠሎች ስለሚሠራ፣ እያንዳንዱ ቅጠል ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል፤ ይህን ከሁለቱ ማሽኖች አንዳቸውም አያስገቡም። አሮጌው ማሽን ክንዱ (የላይኛውን መዘውር የተሸከመው ቋሚ አካል) በሁለት ክፍል ተሠርቶ መሐሉ ላይ በብሎን የታሰረ ከሆነ፣ በመሐል የሚገባ የ15 ሳንቲ ሜትር ማስረዘሚያ ብረት ተጨምሮለት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚልበት መንገድ አለ። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን በተለመደው ሁኔታ 2,375 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ምላጭ ሲያጠልቅ፣ ማስረዘሚያው ሲገባ 2,667 ገደማ የሆነ ምላጭ ይፈልጋል። ይህ ካልተቻለ ደረቱን ከአራት ጠባብ ቅጠሎች መግጠም ወይም ሰፊውን ጣውላ ትልቅ መሰንጠቂያ ወዳለው ቤት መውሰድ ነው።

ሻጮች እምብዛም የማያነሱት ሌላ ጉዳይ የምላጩ ውፍረት ነው። የምላጩ ውፍረት ከመዘውሩ ዲያሜትር ከአንድ ሺህኛው ባይበልጥ ይመረጣል የሚል የቆየ የሙያ ልክ አለ፤ በዚህ መሠረት ለ25 ሳንቲ ሜትር መዘውር 0.25፣ ለ35 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 0.35 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ትንሹን ማሽን በዓይነ ኅሊናዎ ይዩት። ርዝመቱ 1.8 ሜትር የሆነ ምላጭ በደቂቃ 750 ሜትር ቢሮጥ፣ በደቂቃ ከ400 ጊዜ በላይ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት መዘውር ላይ ስለሚጎብጥ በደቂቃ ከ800 ጊዜ በላይ ይታጠፋል፣ ይቃናል። ወፍራም ምላጭ በጠባብ መዘውር ላይ ይህን ሲያደርግ ውሎ ከጥርሶቹ ሥር ይሰነጠቃል፤ ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ሳይዶለዱም ይበጠሳል። የትንሹ ማሽን መግለጫ «እስከ 13 ሚሊ ሜትር ምላጭ ይቀበላል» ቢልም፣ ያን ስፋት በቂ አድርጎ የሚወጥር ሞላና የማይጣመም ክንድ እንደሌለው አስቀድመው ይቁጠሩት፤ በእሱ ላይ 10 ሚሊ ሜትር የመጨረሻው ነው።

የምላጭ አቅርቦትን ነገር በራሴ ከደረሰብኝ ልንገርዎ። የመጀመሪያዋን ትንሽ ባንድሶዬን የገዛሁት አብሯት በመጣው አንድ ምላጭ ብቻ ነበር። አንድ በገና ለበዓል ለማድረስ ቃል ገብቼ፣ የቀንበሩን እንጨት ስቆርጥ ምላጩ ብየዳው ላይ «ጧ» ብሎ ተበጠሰ። ርዝመቱ ለየት ያለ ስለነበረ በጅማ ዞሬ ዞሬ አጣሁት። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ አስበይዶ በአውቶቡስ እስኪልክልኝ ድረስ ሁለት ሳምንት ማሽኗን በጨርቅ ሸፍኜ በእጅ መጋዝ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ምላጩ ተገኝቶ ሦስት መለዋወጫ ሳይያዝለት ማሽን አልገዛም። እርስዎም ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱንም ማሽኖች የምላጭ ርዝመት በሚሊ ሜትር ጽፈው ይያዙና ማን እንደሚያመጣልዎ፣ ከጥቅልል እየቆረጠ የሚበይድ ሰው እንዳለም ይጠይቁ። ሁለቱ ጫፎች እንደ ጠፍጣፋ ሽብልቅ ተሞርደው፣ ተደራርበው፣ በብር ብየዳ ከተያያዙ በኋላ እስኪስተካከሉ ከተሞረዱ በቤትም የሚያገለግል መጋጠሚያ ይወጣል፤ የመጋጠሚያው ወፍራምነት ግን መምሪያው ውስጥ ሲያልፍ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚያሰኝ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ አሮጌው ማሽን እንሂድ፤ ምክንያቱም ልቤ ያደላው ወደ እሱ ነው። ሊያዩት ሲሄዱ በቅድሚያ የሞተሩን ታርጋ ያንብቡ። ከቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት የሚወጣ ማሽን ብዙውን ጊዜ በስሪ ፌዝ ባለ 380 ቮልት መስመር የሚሠራ ነው፤ የእርስዎ ቤት መስመር ግን ሲንግል ፌዝ 220 ይመስለኛል። ኮንደንሰር አስገብቶ በሲንግል ፌዝ ማስነሳት እንደሚቻል የሚነግርዎ ሰው አይጠፋም፤ ይቻላል፣ ነገር ግን ሞተሩ ከጉልበቱ ብዙውን ያጣል። ታርጋው ላይ 220 በዴልታ፣ 380 በስታር (የሞተሩ ሽቦ የሚታሰርባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው) ተብሎ ከተጻፈ፣ ከሲንግል ፌዝ ስሪ ፌዝ 220 የሚያወጣ ኢንቨርተር ገዝቶ ሞተሩን በዴልታ ማሰር ጥሩ መፍትሔ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን ሞተሩን አውጥቶ ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ሲንግል ፌዝ ሞተር መግጠም ነው።

ሞተር የሚቀይሩ ከሆነ ፍጥነቱን ያስሉ። ለእንጨት የሚስማማው የምላጭ ፍጥነት በደቂቃ 900 ሜትር አካባቢ ነው። የ35 ሳንቲ ሜትር መዘውር ዙሪያው 1.1 ሜትር ስለሆነ በደቂቃ ወደ 818 ዙር ይፈለግበታል። በእኛ 50 ኸርዝ መስመር የተለመደው ባለ አራት ፖል ሞተር በጭነት 1,430 ዙር ገደማ ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩ ላይ 80 ሚሊ ሜትር፣ መዘውሩ ላይ 140 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ቢገጠም የሚፈለገው ፍጥነት ይገኛል። በአጋጣሚ የተገኘውን ፑሌጃ ገጥመው ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ «አሮጌ ነውና» የሚሉ አሉ፤ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም።

ከዚያ ሶኬቱን አስነቅለው የላይኛውንና የታችኛውን ክዳን ይክፈቱ። ምላጩን አላልተው ያውጡትና የላይኛውን መዘውር በአንድ ጣትዎ ይግፉት። ድምፅ ሳያሰማ ረጅም ጊዜ ዞሮ በዝግታ መቆም አለበት፤ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ ግን የሚገዛ ነገር ስለሆነ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ እርሳስ ከክንዱ ጋር አስደግፈው ጫፉን ወደ መዘውሩ ጠርዝ አስጠግተው ያዙሩት፤ በእርሳሱና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት እየጠበበ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ መዘውሩ ወይም ዘንጉ ተጣሟል፤ ያኔ ማሽኑን ይተዉት። የጎማ ልባሱን በጥፍርዎ ይጫኑት፤ የሚፈረፈርና የተሰነጣጠቀ ከሆነ መቀየር አለበት። መሐሉ ከጠርዞቹ ትንሽ ጎበጥ ያለ መሆኑንም ይዩ፤ ምላጩን መሐል ላይ አስቀምጦ የሚያስኬደው ይህ ጉብታ ነውና፣ አንድ ሰው «ላስተካክል» ብሎ ጠፍጣፋ አድርጎ ሞርዶት ከሆነ ምላጩ አልቀመጥ ይላል። በመጨረሻም የመወጠሪያውን ሞላ ይመልከቱ፤ ለዓመታት ተወጥሮ የተተወ ሞላ ተጨፍልቆ ይቀራል።

የመብራቱንም ነገር ሳላነሳ ባልፍ ለጅማ ሰው የጻፍኩ አይመስልም። የሞተር የማዞር ጉልበት የሚወርደው ከቮልቴጁ በላይ ነው፤ ምሽት ላይ መስመሩ ከ220 ወደ 180 ቮልት ቢወርድ ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ወፍራም እንጨት መሰንጠቅ ያለብዎት ቀን፣ ከተማው ሁሉ ምድጃ ከመጣዱ በፊት ቢያደርጉት ይሻላል። ከግድግዳው እስከ ማሽኑ የሚዘረጋው ገመድም አጭርና ወፍራም ይሁን።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። መዘውሩና ዘንጉ ጤነኛ ከሆኑ፣ የሞተሩም ጉዳይ ከላይ በተባለው መንገድ የሚፈታ ከሆነ፣ አሮጌውን ይግዙ። ባለሙያዎች ጊዛ የሚሉት ከባድ ቅልጥ ብረት ንዝረትን ይውጣል፤ 6 ሚሊ ሜትር ምላጭ ለጥምዝ፣ 13 ሚሊ ሜትር ምላጭ ለመሰንጠቅ ያለ ጭንቅ ይሸከማል። መዘውሩ ከተጣመመ ግን በርካሽ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት፤ ትንሹን ገዝተው የጊታሩን ሐሳብ ለጊዜው ያቆዩት። ግቢ የሚጋሩ ከሆነም አይስጉ፤ የባንድሶ ድምፅ ከጂግሶ ጩኸት ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ክራር የምሠራ ወጣት ነኝ። አሜሪካ ያለው አጎቴ አንዲት ትንሽ ባንድሶ ልልክልህ ነው ብሎኛል። 110 ቮልት ናት አሉ። ትራንስፎርመር ብገዛላት አትሠራም?

መልስ፦ ልጄ፣ ትሠራለች፤ ግን ትራንስፎርመር የሚለውጠው ቮልቴጁን ብቻ መሆኑን እወቅ። የአሜሪካ መስመር 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ 50 ነው። ብሩሽ ያለው ሞተር፣ እንደ እጅ መሰርሰሪያ ያለው፣ በዚህ ብዙም አይቸገርም። የባንድሶ ሞተር ግን በአብዛኛው ብሩሽ የሌለው ኢንዳክሽን ሞተር ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል፣ ከዚያም በላይ 120 ቮልት በ50 ኸርዝ ሲሰጠው ከመጠን በላይ መግነጢስ ስለሚሞላ ይግላል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ማሽን ከአንድ ነጋዴ ገዝቼ፣ «በትራንስፎርመር ምንም አትሆንም» የሚለውን አምኜ ነበር። በሩብ ሰዓት ውስጥ የሞተሩን ቆብ በእጄ መንካት አቃተኝ፤ በሁለተኛው ወር የሽቦው ቫርኒሽ ሸተተኝና አለቀላት።

አንደኛው መውጫ 100 ቮልት የሚያወጣ ትራንስፎርመር መጠቀም ነው። 120 ለ60 እና 100 ለ50 ተመጣጣኝ ስለሆኑ ሞተሩ አይግልም፤ ጉልበቱ ግን እንደ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይቀንሳል። ሞተር ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ፣ ታርጋው ላይ 400 ዋት የተጻፈበትን ማሽን በ500 ዋት ትራንስፎርመር ልታስነሳው አትሞክር፤ ሦስት እጥፍ የሚሆን ፈልግ። ሁለተኛው መውጫ፣ ማሽኗ በቺንጋ የምትዞር ከሆነ፣ ሞተሩን በ220 መቀየር ነው። ሞተሩ በቀጥታ ከመዘውሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ይህ አይመችም። ለአጎትህ በትሕትና ንገረውና፣ የማሽኗን ዋጋ ቢልክልህና ባለ 220 ብትገዛ፣ ካልሆነም ማሽኗን ሲልክ ስድስት ምላጭ አብሮ ቢያስገባልህ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባንድሶ ካለኝ ዓመት ሆኖታል። ጥምዝ ሲሆን ጥሩ ይቆርጣል፤ ዋንዛ ልሰነጥቅበት ስል ግን ማስጠጊያውን ይዤ እንኳ ምላጩ ከመስመሩ ይወጣል። አንዳንዴም ቅጠሉ መሐሉ ሆዳም ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የገለጹልኝ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ምላጩ ወደ አንድ ጎን የመሳብ ጠባይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የአንዱ ጎን ጥርስ ከሌላው ስለሚሾል ወይም ምላጩ በመዘውሩ ላይ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ስለሚሄድ የሚመጣ ነው። ለመለካት ጎኑ ቀጥ ባለ አንድ ቁራጭ ጣውላ ላይ ከዚያው ጎን ጋር የተመሳሰለ መስመር ያስምሩ። ማስጠጊያውን ያንሱና መስመሩን በዓይንዎ ብቻ እየተከተሉ ግማሽ ድረስ ይቁረጡ። መስመሩን ለመጠበቅ እጅዎ ጣውላውን በትንሹ ወደ አንድ ወገን እንዳዞረው ያያሉ። እንዳለ አቁመው ማሽኑን ያጥፉ፤ በጣውላው ጎን ጠረጴዛው ላይ በእርሳስ ያስምሩ፤ ማስጠጊያዎን ከዚያ መስመር ጋር ያመሳስሉ። ምላጩ ራሱ የሚፈልገው አቅጣጫ እሱ ነው።

ሆዳም ቅጠል የሚያወጣው ግን ማስጠጊያው አይደለም፤ ምላጩ በእንጨቱ ውስጥ እየተለመጠ ነው። ወይ ውጥረቱ አንሷል፣ ወይ ደንዟል፣ ወይ ጥርሱ በዝቷል። እኔ የምጠረጥረው የመጨረሻውን ነው። ለጥምዝ የተመቸዎት ምላጭ ጠባብና ጥርሰ ብዙ ሳይሆን አይቀርም፤ በእሱ ወፍራም ዋንዛ ሲሰነጥቁ በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦታ በሰጋቱራ ይሞላና መቁረጡን ትቶ መጥረግ ይጀምራል፣ እርስዎም ሲገፉት ይለመጣል። ለመሰንጠቅ በአንድ ኢንች 3 ወይም 4 ጥርስ ያለው፣ ማሽንዎ በደህና ሊወጥር የሚችለውን ያህል ሰፊ ምላጭ ያድርጉ። በአንጻሩ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ስስ ጣውላ ሲቆርጡ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ያለውን ይያዙ፤ በማንኛውም ጊዜ ቢያንስ ሦስት ጥርስ እንጨቱ ውስጥ መኖር አለበት።

መምሪያዎቹንም ይዩ። የጎኖቹ ከምላጩ በወረቀት ውፍረት ይራቁ፣ ከጥርሶቹ ሥር ኋላ ይሁኑ፤ የኋላው ኩሽኔታ ከምላጩ ጀርባ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅና እንጨት ሲገፋ ብቻ ይንካው። የላይኛው መምሪያ ከእንጨቱ በላይ ከአንድ ጣት ያነሰ ክፍተት ብቻ ይተውለት። ከአሮጌ በርና ከሳንዱቅ የተፈታ ዋንዛ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከመሰንጠቅዎ በፊት ማግኔት በጣውላው ላይ ያንሸራትቱ፤ አንዲት የተደበቀች ምስማር አዲስ ምላጭ ትጨርሳለች። አዲስ የተቆረጠ ዋንዛ ለሚገዙም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተከለከሉ ስለሆኑ፣ የሻጩን ፈቃድና የእንጨቱን ምንጭ ጠይቆ መግዛት ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ የክራር መቃኛ ከወይራ በትር ላይ እየቆረጥኩ ሳለ በትሩ በእጄ ላይ ተሽከርክሮ ምላጩን አጠማዘዘው። ጣቴ ለጥቂት ተረፈ። ጓንት ባደርግ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ጓንት በፍጹም አያድርጉ። ምላጩ የጓንቱን ጨርቅ ከያዘ እጅዎን ይዞት ይሄዳል፤ ነጠላም፣ የተንጠለጠለ እጅጌም እንዲሁ። የክብ እንጨት አደጋ የሚመጣው ከጠረጴዛው ጋር በአንድ መስመር ብቻ ስለሚነካካና ምላጩ ወደ ታች ሲጎትተው ስለሚሽከረከር ነው። አንድ ድፍን ጣውላ ወስደው መሐሉን በርዝመቱ እንደ «ቪ» ቅርጽ ይፈልፍሉት፤ በትሩን በዚያ ላይ አስተኝተው፣ ትንሽ ከሆነም በክላምፕ አስረው፣ ጣውላውን ከነበትሩ ይግፉ። የክራር ገበቴ የሚሆን ክብ ግንድ ሲቆርጡም በመጀመሪያ አንዱን ወገን በመላጊያ ጠፍጣፋ አድርገው በዚያ ያስቀምጡት። ወይራ ከዋንዛ ይልቅ እጅግ ስለሚጠጥር በዝግታ ይግፉ፤ ጭስ የሚሸትዎ ከሆነ ምላጩ ደንዟል። የአፍንጫ መሸፈኛም አይርሱ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ጋር መድቦታል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ብናኙ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል።

ጥያቄ፦ የባንድሶዬ ጠረጴዛ ክረምት በገባ ቁጥር ይዝጋል። ምን ልቀባው?

መልስ፦ የሞተር ዘይት አይቀቡት፤ እንጨቱ ይመጠውና በኋላ ኮላም ቫርኒሽም አይዝለትም። ዝገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠርገው፣ በደንብ አድርቀው፣ ተራ የቤት ዕቃ ሰም በጨርቅ ቀብተው ይወልውሉት፤ እንጨቱም በላዩ ላይ ቀለል ብሎ ይንሸራተታል። በጅማ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት። ሰጋቱራውን ጠረጴዛው ላይ አያሳድሩ፤ እርጥበት ከአየር ስቦ ብረቱ ላይ ይዞ የሚያድረው እሱ ነው። ማሽኑን ለቀናት የማይጠቀሙበት ከሆነ ምላጩን አላልተው ይተዉት፤ ያላሉት መሆኑን እንዳይረሱና ሳይወጥሩ እንዳያስነሱት ደግሞ መወጠሪያውን እጀታ ላይ አንድ ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት።